እግዚአብሔርን አያ ጅቦ አናድርገው



የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተዘግቶ ወደ ደብረ ብርሃን በተመለስኩ ቁጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ የሕፃናትን ክፍል ከሚያስተምሩት አንዱ እኔ መሆኔን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። መዝሙር ሳስጠናቸው ድምፄ ይለሰልሳል። የሚያለቅሰውን አባብላለሁ፤ ጫማው የተፈታውን ጎንበስ ብዬ አስርለታለሁ። ወላጆችም ሲያዩኝ «ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው የሰጠህ!» ይሉኛል። እኔም ምስጋናውን አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያ ትዕግሥት ከነጠላዬ ጋር ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት በአዳራሹ ስላሉት ሕፃናት ሳይሆን በቤቴ ስላለችው ስለ አንዲት ሕፃን ነው። ነገሩ የሚያኮራኝ አይደለም፤ ሆኖም ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ያለ አይጠፋም ብዬ ስላሰብኩ ልደብቀው አልወደድሁም።

ሕፃኒቱ የታላቅ እኅቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አራት ዓመት ከመንፈቅ ነው። በቤታችን ሁላችንም ሚጣ እያልን ስለምንጠራት እዚህም እንደዚያው እላታለሁ። እናቷ ሚጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ እስካሁን አልተመለሰችም። ልጅቱን የምታሳድጋት እናቴ ናት። አምና አንድ መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ነበር፤ ክፍያው ሲጨምር ጊዜ ግን እናቴ በጣቶቿ ቆጥራ፣ ደግማም ቆጥራ፣ «እንግዲህ ዓመት ቤት ትቆይ» አለች። እኅቴ ይህን ስትሰማ በስልክ እኔን አስጠራችኝ። «አንተ የተማርክ አይደለህ እንዴ? ክረምቱን እንደሆነ ቤት ነህ። እስቲ ፊደሉን እንኳ አስይዛት፤ ከእኩዮቿ እንዳታንስብኝ» አለችኝ። «ይኼማ ምን አላት!» ብዬ በኩራት ተቀበልኩ።

ወዲያው በነጭ ወረቀት ላይ መርሐ ግብር አወጣሁ። ከጧቱ 3 ሰዓት ፊደል፤ 4 ሰዓት ቁጥር፤ ከምሳ በኋላ እንግሊዝኛ፤ ማታ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ በቃል ማጥናት። የፊደል ገበታ ከገበያ ገዝቼ ከመርሐ ግብሩ ጎን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ፊደላችን በተለመደው አቈጣጠር 33 ነው፤ እያንዳንዱ 7 ድምፅ ስላለው ድምሩ 231 ይሆናል፤ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምራ በቀን 5 ብትይዝ ጳጉሜን ሲገባ ያልቃል ብዬ አሰላሁ። የምህንድስና ተማሪ መሆኔ የጠቀመኝ ለዚህች ስሌት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደኅና ነበሩ። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ስላት እየተወዛወዘች ትከተለኛለች፤ ዜማው ጨዋታ ሆኖላት ነበር። በአራተኛው ቀን ሐ ጋር ስንደርስ ግን በስንደዶዋ አንዴ የላዩን፣ አንዴ የታቹን እየነካች፣ «ጋሼ፣ ይኼም ሀ ነው፤ ይኼም ሀ ነው። ለምን ሁለት ሆኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ራሳቸውን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ «ዝም ብለሽ በይ!» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ አዳራሹ ውስጥ አንድ የሰው ልጅ ቢጠይቀኝ ኖሮ «እንዴት ያለ ጎበዝ ነው!» ብዬ አስጨበጭብለት ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ዶፍ ሲወርድ ባደረበት አንድ ጧት፣ ሚጣ ትናንት የያዘቻቸውን ሁሉ ረስታ ተገኘች። ዓይኗ ያለው በር ላይ ነው፤ ከደጅ የጎረቤት ልጆች በጎርፉ ላይ እንጨት እያንሳፈፉ ይጮኻሉ። አንዴ ነገርኳት፤ ሁለቴ ነገርኳት። በሦስተኛው ስንደዶውን ከእጇ ቀምቼ መዳፏን ሾጥ አደረግኋት። ምቱ ይህን ያህል የሚያምም አልነበረም። የከፋው ከአፌ የወጣው ነው። «ሰነፍ ልጅ እግዚአብሔር አይወድም! ቆይ ይቀጣሻል!» አልኳት። እንባዋን ዋጠችና ወደ ገበታው ዞረች። የዚያን ቀን አንድም ፊደል አልሳተችም። እውነቱን ልናገርና ዘዴው ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ለጸሎት ቆመች። ሚጣ ሁልጊዜ ከፊቷ ትቆምና እናቴ ስትሰግድ እሷም ግንባሯን መሬት ታስነካ ነበር። ያን ዕለት ግን ከእናቴ ኋላ ሄዳ ነጠላዋ ውስጥ ተሸሸገች። ጸሎቱ ሲያልቅ ከነጠላው ሥር ሆና፣ «እምዬ፣ የእግዚአብሔር እጅ ከጋሼ እጅ ይበልጣል?» አለች። እናቴ ጥያቄው ደስ አሰኝቷት፣ «እንዴታ ልጄ! ዓለሙን ሁሉ የያዘ እጅ ነው» አለቻት። ሕፃኒቱም መዳፏን ከነጠላው ውስጥ አውጥታ አየችውና ደግማ ሸሸገችው። ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬን የወሰዳት እኔ ሰንፌ ነው?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ የት ልግባ!

ልጅቱ ከተኛች በኋላ እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ማይም ነኝ፤ አንተ የምታውቀውን አላውቅም። ነገር ግን ለዚህች ልጅ ከእግዚአብሔር በቀር የምሰጣት ምን አለኝ? እሱንም አስፈራህብኝ።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በአገራችን ሕፃን ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣልሽ!» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ይደነግጣል፤ ዝም ይላል፤ ይተኛል። ጥቂት ሲያድግ ግን አያ ጅቦ እንደማይመጣ ያውቅና ይስቅብናል። የዚያን ጊዜ እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን የምንለው የአያ ጅቦን ሥራ ለእግዚአብሔር እንሰጠዋለን። «እግዚአብሔር ዓይንሽን ያጠፋዋል»፤ «እመቤታችን ትታዘብሻለች»፤ «መልአኩ በሰይፉ ይመታሻል» እንላለን። ይህን የምንለው ስለ እግዚአብሔር ለማስተማር አይደለም፤ እኛ ደክሞን ስለምንሰለች ነው። ወጡን ጥደን፣ ወይም ስልካችንን ይዘን፣ ልጁ ዝም እንዲልልን በስሙ እንገለገልበታለን። የአምላክን ስም በከንቱ መጥራት ሲባል ሁላችንም በሐሰት የሚምለውን ሰው እናስባለን። ልጅ ዝም ለማሰኘት የሚጠራውስ ከዚህ በምን ይለያል?

እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ወደ ልቤ የመጣው የሳሙኤል ታሪክ ነበር። ይህን ታሪክ በአዳራሹ ለሕፃናት ስንት ጊዜ እንደተረክሁት ቁጥር የለውም። ሕፃኑ ሳሙኤል በሴሎ፣ በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ እግዚአብሔር በስሙ ጠራው፤ ሕፃኑም የጠራው ዔሊ መስሎት ወደ ሽማግሌው ሮጠ። ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ (1ኛ ሳሙ. 3)። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ስለዚህ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። ሕፃኑ የእግዚአብሔርን ድምፅ ከዔሊ ድምፅ መለየት አልቻለም። ሕፃን ልጅ አምላኩን አስቀድሞ የሚሰማው በሚያሳድገው ሰው ድምፅ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሳሙኤል በጨለማ ስሙ ሲጠራ ሮጦ ወደ ዔሊ ሄደ እንጂ ልብሱን ተከናንቦ አልተሸሸገም። ሽማግሌው ሲጠራው ዱላ የለመደ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይሮጥ ነበርን? ሮጦስ እንደሆነ ወዴት ነበር የሚሮጠው? የእኔዋ ሚጣ ግን ሮጣ ነጠላ ውስጥ ገባች፤ በእግዚአብሔር ስም የሰማችው የእኔን ቁጣ ነበርና።

ዔሊን ሳነሣ ሌላውም ነገር አይቀርም። ይህ ሰው የሐናን ልጅ በመልካም ሲያሳድግ የገዛ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ጠፍተውበታል። የሰውን ልጅ አቃንቶ የራሱን ቤት ዘንግቷል። የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ሆይ፤ ይህ ታሪክ ከማንም ይልቅ ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል።

በማግሥቱ ጧት ከአባታችን ከቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ትምህርት አንዱን አስታወስኩ። ይህ አባት በ4ኛው መቶ ዓመት በአንጾኪያ ሲሰብክ ኖሮ ኋላ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት ማሳደግ እንደሚገባቸው የጻፈው አንድ ድርሳን አለ። በዚያ ድርሳን የሕፃንን ነፍስ አዲስ በተመሠረተች ከተማ ይመስላታል፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አንደበት፣ አፍንጫና የመዳሰስ ሕዋስ በሮቿ ናቸው፤ ወላጅም በየበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን እንዲጠብቅ ያሳስባል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ታሪክ ስለ መንገር የሚለው ነው። አባት ማታ ከእራት በኋላ የአቤልንና የቃየልን ታሪክ ለልጅ በሚገባ ለዛ ይንገረው ይላል፤ በሌላ ቀን ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርክ ይጠየቅ፤ እናትም አብራ ትቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን ልጁን እጁን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት፤ ከሁሉ በፊት የሚያውቀውን ሲሰማ ልቡ በደስታ ይዘላልና። እስቲ አስቡት! ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የቤት ውስጥ ትምህርት ዘዴ ነው።

ስለ ገሃነምስ? ይህ አባት ስለ ገሃነም ለልጅ የሚነገረው ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ይላል። እኔ ለአራት ዓመት ሕፃን አሥር ዓመት ያህል አስቀድሜ ነግሬያታለሁ።

«ታዲያ ሰሎሞን ስለ በትር የተናገረውስ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ እኔም ያን ሌሊት ራሴን ነጻ ለማውጣት ወደዚያ ጥቅስ ሮጬ ነበር። ተግሣጽ አያስፈልግም አልልም። ልጅ እሳት ውስጥ እጁን ሲከት ዝም አይባልም። ነገር ግን ዮሐንስ አፈወርቅ ራሱ በትሩ እንዲፈራ እንጂ ዘወትር እንዳያርፍበት ይመክራል፤ ሲለመድ ይናቃልና። ቅዱስ ጳውሎስም አባቶችን ሲመክር ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡና ልባቸው እንዳይዝል ያስጠነቅቃል (ኤፌ. 6፥4፤ ቈላ. 3፥21)። ሐ እና ሀ መምታታት ደግሞ በምንም ሕግ ኃጢአት አይደለም። በየኔታ ቤትም ቢሆን አለንጋው እንደ ነበረ ሁላችንም ሰምተናል፤ ሆኖም በዚያው ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ለይቶ ከጨረሰ በኋላ መጀመሪያ ለንባብ የሚሰጠው መልእክተ ዮሐንስ መሆኑን እናስተውል። መልእክቱ ከዳር እስከ ዳር ስለ ፍቅር ነው፤ ፍቅርና ፍርሃት አብረው እንደማያድሩም የሚያስተምረው እሱው ነው። አለንጋው አልፏል፤ መልእክቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ የነበረብኝ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። በባህላችን ትልቅ ሰው ሕፃን ይቅርታ አይጠይቅም፤ አፌም እንቢ ብሎኝ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። በኋላ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ «ሚጣ፣ ትናንት እጅሽን የመታሁሽ ተናድጄ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እግዚአብሔር አልተቈጣሽም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። እማዬም የሄደችው ለአንቺ ገንዘብ ልትሠራ ነው እንጂ በአንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት። አየችኝና «እሺ» አለች። ወዲያው ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔ ከባድ ነገር ተናግሬ እንባ ስጠብቅ እሷ ጭቃ ልታቦካ ሄደች! ስለ እናቷ የነገርኳትን ግን ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ለእኅቴ ደውዬ ራሷ እንድትነግራት አደረግሁ። ያን ስነግራት እኅቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ማለቷን አልረሳውም።

ከዚያ መርሐ ግብሩን ከግድግዳው ላይ አነሣሁና ጥቂት ቀን ዝም ብዬ እናቴን ማየት ጀመርኩ። እናቴ ፊደል አልቈጠረችም። ሚጣን ምን እንደምታስተምራት ብትጠይቋት «እኔ ምን አውቄ!» ትላለች። ነገር ግን ምስር ስትለቅም ሚጣ ከጎኗ ተቀምጣ ጠጠሩን ለብቻ ታኖራለች፤ «ስንት ጠጠር አገኘሽ?» ትላታለች፤ ልጅቱም ትቈጥራለች። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች ፊተኛና ኋለኛን ትለያለች። ቆሎውን ለጎረቤት ይዛ የምትዞረው ሚጣ ናት፤ ከታላቅ መጀመርን፣ በሁለት እጅ መስጠትን፣ «ደኅና ዋላችሁ» ማለትን የተማረችው ከዚያ ነው። እንጀራው ከመቈረሱ በፊት እጇን ይዛ በትእምርተ መስቀል ታስባርካታለች። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ መቁጠሪያው ነው። እናቴ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ልጅቱ ከጎኗ ፍሬውን በጣቷ ትገፋላታለች፤ በዚህ ብቻ እስከ 12 ያለ ስሕተት ቈጥራለች። እስከ 41 ያለው ገና ነው፤ ሃያ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ በ4 ሰዓት ክፍለ ጊዜ ላስተምራት ስታገል የነበረውን እናቴ መቼም ሳትጀምረው አስተምራዋለች።

በኦሪት ዘዳግም እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆች አስተምሩ ሲል ጊዜውንም ዘርዝሮ ነው፤ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ (ዘዳ. 6፥7)። አራቱንም ደጋግሜ አየኋቸው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰዓት በመካከላቸው የለም። ሁሉም ሰው ከልጁ ጋር አብሮ የሚሆንባቸው ጊዜያት ናቸው።

ስለዚህ እኔም ተከተልኩ። ጧት ወተት ልናመጣ ስንሄድ በመንገድ እንነጋገራለን። ፊደሉን አልተውኩም፤ ነገር ግን ከሀ መጀመሬን ተውኩ። መጀመሪያ ያስተማርኳት «እማዬ» የሚለውን ሦስት ፊደል ነው። እናቴ ይህን ስታይ «ሀ ሳይባል!» ብላ አጉረመረመች፤ የደብሩ የኔታም ቢሰሙ የሚወዱት አይመስለኝም። ሚጣ ግን በአመድ ላይ በጣቷ፣ በጭቃ ላይ በስንደዶ፣ በተንቀረቀበ ዱቄት ላይ (ይህን እናቴ አልወደደችውም) «እማዬ» እያለች ጽፋ ቤቱን ሞላችው። ሀን ቀስ ብለን ደረስንበት። ያን ጊዜ አያቶቻችን ለሞክሼ ፊደላት የሰጧቸውን ስሞች አስታወስኩ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። «ለምን ሁለት ሆኑ?» ላለችኝ መልስ ይሆን ዘንድ ሐመር መርከብ መሆኑን ነግሬ በጎርፉ ላይ እንጨት አንሳፈፍን፤ ያቺ ከትምህርት ያዘናጋቻት ጎርፍ ራሷ አስተማሪ ሆነች። የክረምት ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ስትል ደግሞ «ፀሐዩ ፀ ወጣ!» እያለች ወደ ደጅ ትሮጣለች። በቀን አንድ ፊደል ከያዘች በቂ ነው፤ ካልያዘችም ነገ አለ። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፤ እኔ ማን አሳዶኝ ነበር የምሮጠው?

ማታ ማታ ዮሐንስ አፈወርቅ እንዳለው ታሪክ መንገር ጀመርን። የሳሙኤልን እናት የሐናን ታሪክ ነገርኳት። ሐና ልጇን በሴሎ ትታ ወደ ቤቷ መመለሷን፣ ግን በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ ሠርታ ታመጣለት እንደ ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19) ስነግራት ሚጣ ቀና አለች። እናቷ ለትንሣኤ የላከችላትን ቀሚስ ጫፍ ያዝ አድርጋ፣ «ሐናም ዐረብ አገር ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። በየምሽቱ ያንኑ ታሪክ ድገምልኝ ትላለች፤ ቀሚሱ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረ ትጠይቃለች፤ መጽሐፉ እንደማይናገር ብነግራትም «ቢጫ ነው» ብላ ወሰነች።

ነገር ግን የሰበርኩት ሁሉ ተጠገነ ብዬ አልዋሻችሁም። በፍልሰታ ጾም እናቴ አዝላት ቅዳሴ ትሄድ ነበር፤ ከሌሎች ሕፃናት ጋር ሥጋ ወደሙን ስትቀበል አየኋትና ልቤ ተረጋጋ። ቤት ውስጥ ግን ለጸሎት ስንቆም አሁንም አንዳንድ ማታ ከእናቴ ነጠላ ኋላ ትሆናለች። «ነይ ወደ ፊት» ብዬ አልጎትታትም። አንዲት ቃል በአፍታ ትገባለች፤ ለመውጣት ግን ክረምቱም አልበቃትም።

እናንተስ? ከመካከላችን እናቱ ወይም እኅቱ ዐረብ አገር ያለች፣ በአያት እጅ የሚያድግ ሕፃን በቤቱ ያለው ስንቱ ነው? ይህን ሳስብ ጢሞቴዎስ ይታወሰኛል። አባቱ ግሪካዊ ነበር (ሐዋ. 16፥1)፤ ሐዋርያው ስለ እምነቱ ሲያነሣ የሚጠራቸው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)፤ መጻሕፍትንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር (2ኛ ጢሞ. 3፥15)። አያት የምታሳድገው ልጅ የጐደለበት ልጅ ነው ብለን አንዘን። እኛ ወጣቶች ግን በአያቲቱ ላይ ሁሉን ጥለን «እኔ አገልግሎት አለብኝ» እያልን መውጣታችን ይታሰብበት። በተለይ ወንዶቹ! ሕፃን መያዝ የሴት ሥራ ነው ብሎ ያስተማረን ማነው? የክርስትና አባትና እናት የሆናችሁም፤ በ40 እና በ80 ቀን ታቅፋችሁ «አምናለሁ» ያላችሁለት ልጅ አሁን ስንት ዓመቱ ነው? የሚወደውን ታሪክ ታውቃላችሁ?

ከዩኒቨርሲቲው መክፈቻ በፊት በነበረው እሑድ እኅቴ በኢሞ ደወለች። ሚጣ ያን የድሮውን መርሐ ግብር ወረቀት አመጣች፤ በጀርባው በከሰል «እማዬ» ብላ ጽፋበታለች፤ ዬዋ ወደ ኋላ ዞራለች። ስልኩ ላይ አስጠግታ አሳየቻት። እኅቴ ልታነበው ሞከረች፤ አልቻለችም፤ መስኮቱን ልዝጋ ብላ ዞር አለች።

እኔ ወደ ትምህርቴ ከተመለስኩ እነሆ ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ቤት ደውዬ ፊደሉ የት እንደ ደረሰ እናቴን ጠየቅኋት።

«ሐመሩን ሐ ጨርሰናል» አለችኝ።

«ጨርሰናል? እነማን?»

«ምነው፤ እኔስ ሰው አይደለሁ?» አለችና ሳቀች። ከኋላዋ የሚጣ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «እምዬ፣ ስንደዶውን አትልቀቂ እንጂ!» ትላለች።